በሌለበት ማድመጥ፦ ስድስት ቀን በሐይቅና በአርዲቦ

ኅዳር 8፣ ደሴ

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ፣ በሚኒባሱ የኋላ መቀመጫ ላይ፣ ከክንድ የሚረዝም የፕላስቲክ ቱቦ በነጠላ ጠቅልዬ ታቅፌ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ዓይናቸውን ከጥቅሉ ላይ ሳያነሡ ቆይተው፣ ሐረጎን ስናልፍ "ልጄ፣ የታቀፍሽው ምንድን ነው?" አሉኝ። ውኃ ውስጥ ተቀምጦ ድምፅ የሚያዳምጥ መሣሪያ መሆኑን ነገርኳቸው። "ምን ሊሰማልሽ?" አሉ። እውነተኛው መልስ "ምንም እንዳይሰማ" የሚል ስለሆነ፣ ማስረዳቱ እስከ ደሴ መናኸሪያ ድረስ ጊዜ ወሰደብኝ። እዚህም በቅደም ተከተል ልጻፈው።

የምሠራው በባልቲክ ባሕር ጠረፍ በሚገኝ ቤተ ሙከራ ነው። ባልቲክ በየብስ የተከበበ፣ ከውቅያኖስ ጋር በጠባብ መተላለፊያ ብቻ የሚገናኝ፣ ጨዉ የሳሳ ባሕር ነው። በውስጡ ፖርፖይዝ የሚባል፣ ርዝመቱ አንድ ሜትር ተኩል የሚያህል፣ አፉ እንደ ዶልፊን ያልሾለ፣ ዓይን አፋር እንስሳ ይኖራል። ለመተንፈስ ብቻ ብቅ ይልና ጀርባውን አሳይቶ ይጠፋል፤ ትንሽ ማዕበል ካለ ደግሞ ከመርከብ ላይ ሆኖ ለማየት የማይቻል ያህል ነው። ስለዚህ በዓይን ከመቁጠር በጆሮ መከታተል ይሻላል፤ ፖርፖይዝ አብዛኛውን ጊዜ ዝም አይልምና። መንገዱን የሚያገኘውም፣ ዓሣ የሚያድነውም፣ የሚለቀው ድምፅ ካገኘው ነገር ነጥሮ ሲመለስለት በመስማት ነው። እኛ ገደል ፊት ቆመን ተጣርተን የገደል ማሚቶ እንደምንሰማው፣ እርሱም የራሱን ማሚቶ እየሰማ ይኖራል።

ድምፁ ግን ለሰው ጆሮ የተሰጠ አይደለም። የወጣት ሰው ጆሮ እስከ 20 ኪሎ ኸርዝ ሲሰማ፣ የፖርፖይዝ ድምፅ 130 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ ነው፤ እያንዳንዷ ምት የምትቆየውም ከሰከንድ አሥር ሺህኛ ገደማ ነው። ለዚህ ሲባል ሲ-ፖድ የሚባል መሣሪያ ተሠራ። ይህ መሣሪያ ድምፁን እንዳለ አይቀዳም፤ እያንዳንዷ ምት የመጣችበትን ሰዓት፣ ከፍታዋንና ርዝመቷን ብቻ ይመዘግባል። በዚህም ምክንያት በጥቂት ባትሪ ለወራት ባሕር ውስጥ ብቻውን ሊቆይ ይችላል። ሳምባህ በተባለው ጥናት፣ ከ2011 እስከ 2013 እ.ኤ.አ. ስምንት አገሮች ተባብረው እንዲህ ያለውን መሣሪያ በባልቲክ 304 ቦታዎች አስቀመጡ። ከዚያ የተገኘው ግምት በባልቲክ ማዕከላዊ ክፍል የቀሩት ፖርፖይዞች 491 ገደማ መሆናቸውን አመለከተ፤ የግምቱ ወሰን ግን ከ71 እስከ 1,105 የሰፋ ነበር።

ወደ ወሎ ያመጣኝ የዚያ ወሰን ስፋት ነው። እንስሳው ጥቂት በሆነበት ባሕር አብዛኛው ጣቢያ ለሳምንታት ምንም አይሰማም። በዚያ ጸጥታ መካከል መሣሪያው አሸዋ ሲፋጭ ወይም ብረት ሲንኳኳ ሰምቶ "ፖርፖይዝ" ብሎ ቢመዘግብ፣ በሌለበት እንስሳ እንፈጥራለን፤ የሌለውን አለ ብለን ጥበቃውን ደግሞ ካለበት እናነሣለን። መሣሪያው ምን ያህል እንደሚሳሳት በርግጠኝነት የሚታወቀው እንስሳው ፈጽሞ በሌለበት ውኃ ውስጥ ሲቀመጥ ነው። በዚያ ውኃ ውስጥ የሚመዘገብ ፖርፖይዝ ሁሉ ስሕተት ነው። ጥልቅ፣ ሞተር የማይበዛበት፣ ከባሕር ጋር የማይገናኝ ሐይቅ ያስፈልገኝ ነበር፤ የምወደውንም አውቃለሁ።

ኅዳር 9፣ ሐይቅ

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዤ ሐይቅ ከተማ ገባሁ። የፈቃድ ደብዳቤው ጉዳይ ግማሽ ቀን ወሰደ፤ ስለዚያ ብዙ የምጽፈው የለም።

ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ፣ ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህል፣ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር የሚያልፍ ውኃ ነው። ከአርዲቦ ሐይቅ የሚወርድ ወንዝ ይገባበታል፤ በምድር ላይ የሚወጣለት ወንዝ ግን የለም። በባልቲክ መሣሪያዎቻችን የተቀመጡት ከ5 እስከ 80 ሜትር ጥልቀት ባለው ቦታ ስለነበር፣ ጥልቀቱም ለንጽጽር የተመቸ ነው።

ጀልባ የሚቀዝፉልኝ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ ናቸው፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ በዚህ ውኃ ላይ ኖረዋል። ቆሮሶ ሐይቁ ውስጥ የተጨመረው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መሆኑን አንብቤ ነበር፤ እርሳቸው ግን ቆሮሶ ከመምጣቱ በፊት ውኃው እንዴት እንደነበረ በዓይናቸው ያዩ ናቸው። "ያኔ ጠጠሩ ከታች ይታይ ነበር" አሉኝ። ተመራማሪዎችም ከዚያ ወዲህ የውኃው ጥራት መቀነሱን ለክተዋል።

በድንጋይ የተሞሉ ሁለት ጆንያዎች፣ ገመድ፣ ቢጫ ጀሪካን፣ በመካከሉም ቱቦው፤ መልሕቃችን ይኸው ነበር። ገመዱን ከቱቦው ጋር ያያያዝኩት ከባልቲክ ባመጣሁት የብረት ቀለበት ነው። ይህን ቀለበት አንባቢ ያስታውስልኝ። አንዱን መሣሪያ በሐይቁ ምዕራብ በኩል 20 ሜትር ጥልቀት ባለው ቦታ፣ ሁለተኛውን ወንዙ ከሚገባበት ዳር አጠገብ ጣልነው። የእስጢፋኖስን ገዳም ዙሪያ ግን ራቅሁለት። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ያቀኑት ገዳም ሴት የማይገባበት ነው፤ መሣሪያዬንም ከዳርቻው ማስጠጋት አልፈለግሁም።

ኅዳር 10፣ ሐይቅ

"ምንም የለም" ለማለት አስቀድሞ "ቢኖር ኖሮ እሰማ ነበር" ብሎ ማረጋገጥ ይገባል። ስለዚህ የዛሬው ሥራ መሣሪያው ደንቆሮ አለመሆኑን መፈተን ነበር። የፖርፖይዝን ድምፅ የሚመስል ምት በ130 ኪሎ ኸርዝ የሚለቅ ትንሽ ማሰራጫ በገመድ አንጠልጥዬ፣ ከጀሪካኑ አጠገብ ጀምረን በየ50 ሜትሩ እየራቅን ቀዘፍን። በእያንዳንዱ ቦታ አምስት አምስት ደቂቃ ቆምን፤ ሰዓቱንም ጻፍኩ።

ይህ ሙከራ በባሕርና በሐይቅ አንድ ዓይነት ውጤት አይሰጥም። ባሕር ውኃ ውስጥ የሟሟው ማግኒዥየም ሰልፌት የተባለ ጨው ከፍተኛ ድምፅን ይውጣል፤ በጨዋማ ባሕር የ130 ኪሎ ኸርዝ ድምፅ በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ በአሥር ዴሲቤሎች በሚቆጠር መጠን ይደክማል። ጣፋጭ ውኃ ግን በእጅጉ ያነሰ ነው የሚውጠው። ስለዚህ መሣሪያዬ እዚህ ከባሕሩ ይልቅ ርቆ ይሰማል፤ ስሕተትም ቢኖር ከሰፊ ዙሪያ ይለቅምልኛል ማለት ነው። የባልቲክ ውኃ ጨዉ የሳሳ በመሆኑ በሁለቱ መካከል ይወድቃል።

ቀዛፊው ማሰራጫውን ተመልክተው "እኔ አልሰማውም፤ አንቺስ?" አሉኝ። እኔም እንደማልሰማ ስነግራቸው ጥቂት አሰቡና "የሌሊት ወፍም እንዲሁ ነው አይደል? ጨለማ ውስጥ ሳትጋጭ የምትበረው?" አሉ። ለሁለት ዓመት ተማሪዎችን ሳስተምር እንዲህ ባለ አጭር ቃል አስረድቼ አላውቅም። የሌሊት ወፍ በአየር፣ ፖርፖይዝ በውኃ፣ አንድ ጥበብ ነው ያላቸው።

ሌሊቱን ዳር ላይ አሳለፍኩ። ከመሣሪያው ሌላ ሃይድሮፎን የሚባል የውኃ ውስጥ ማይክሮፎን ይዤ ስለነበር፣ ለሰው ጆሮ የሚሆነውን ድምፅ በማዳመጫ ሰማሁ። ሐይቁ ዝም ያለ አይደለም። ከዳር ካለው ሣር አጠገብ ትንንሽ የውኃ ነፍሳት እግራቸውን እየፋቁ የሚያሰሙት ተከታታይ ቂርቂርታ ነበር። ከታች ደግሞ አልፎ አልፎ ዝቅ ያለ ጉርምርምታ ይመጣል፤ የቆሮሶ ወንድ ጎጆውን ሲጠብቅ እንዲህ ያለ ድምፅ እንደሚያሰማ ይታወቃል፣ ይህ ግን እርሱ ነው ብዬ አልምልም። ንጋት ላይ ከገዳሙ በኩል የደወል ድምፅ መጣ፤ በአየር ጠርቶ ይሰማ ነበር፤ በማዳመጫው ግን ምንም አልነበረም። ከአየር ወደ ውኃ ለመግባት የሚሞክር ድምፅ ኃይሉ ከሺህ አንድ ያህሉ ብቻ ነው የሚያልፈው፤ የቀረው ከውኃው ፊት ነጥሮ ይመለሳል። አንድ ጆሮ ላይ ደወል፣ አንድ ጆሮ ላይ ነፍሳት ይዤ በዚያ ብርድ የቆየሁትን ያህል ስለ ሁለቱ ዓለም መለያየት የገባኝ ጊዜ የለም።

ኅዳር 11፣ ሐይቅ

ምዕራብ ያለውን መሣሪያ አውጥተን መረጃውን ወደ ኮምፒውተሬ ገለበጥኩ። የትናንቱ ማሰራጫ በየርቀቱ በትክክል ተመዝግቧል፤ መሣሪያው ይሰማል። ነገር ግን ማሰራጫው ባልነበረበት ሰዓትም፣ ኅዳር 9 ከቀትር በኋላ እና ኅዳር 10 ከቀትር በኋላ፣ "ፖርፖይዝ" የሚል ምልክት ያለባቸው ጥቂት መስመሮች ተቀምጠው አገኘሁ። ልቤ ደነገጠ። በቁጥር ትንሽ ናቸው፤ ነገር ግን የጠረፍ ጣቢያዎቻችን በዓመት ውስጥ የሚያገኟቸው እውነተኛ ምልክቶችም አንዳንድ ቦታ ከዚህ አይበዙም።

እውነተኛው ፖርፖይዝ የሚለይበት የምቱ አካሄድ ነው። ዓሣ ሲፈልግ ምቶቹ ራቅ ራቅ ብለው ይመጣሉ፤ ዓሣውን ሲያገኝና ሲቃረብ እየተቀራረቡ ይሄዳሉ፤ ሊይዘው ሲል በምትና በምት መካከል ያለው ጊዜ ከሰከንድ መቶኛ በታች ወርዶ ድምፁ አንድ ወጥ እንዝርት ይመስላል። በወሎ መንዙማ ሲጋል ድቤው ቀስ ብሎ ጀምሮ እየፈጠነ የሚሄደውን የሰማ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል፤ ፍጥነቱ ይለወጣል እንጂ አይዘባረቅም። የእኔ መስመሮች ግን ግማሹ ሥርዓት ያለው የሚመስል፣ ግማሹ የተዘባረቀ ነበር። መለያው ፕሮግራም ሥርዓት ያለውን ግማሽ አይቶ ተታልሏል።

ምክንያቱን ያገኙት ቀዛፊው ናቸው። የጻፍኩትን ሰዓት ሳነብላቸው "ይህማ የነፋሱ ሰዓት ነው" አሉ። በዚህ ወር ጠዋት ውኃው እንደ መስታወት ይሆናል፤ ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሣል፤ ሲመሽ ይተኛል። ነፋስ ሲነሣ ጀሪካኑ ይወዛወዛል፣ ገመዱ ይላላል፣ ይወጠራል፤ ያ የብረት ቀለበትም የቱቦውን ጆሮ እያንኳኳ ከሰው ጆሮ በላይ የሆነ ስል ድምፅ ያወጣል። ማዕበሉ እኩል እኩል ስለሚመጣ ማንኳኳቱም እኩል እኩል ይሆናል። ቀለበቱን በእጄ ይዤ በባልዲ ውኃ ውስጥ ቱቦውን መታ መታ አደረግሁት፤ ኮምፒውተሩ ላይ የታየው ያው መስመር ነበር። ቀለበቱን አውልቀን በገመድ አሰርነውና መልሰን ጣልነው።

አመሻሹ ላይ ቀዛፊው ቤታቸው ቡና ጋበዙኝ። ዱዓ ተደርጎ፣ ከአቦል እስከ በረካ ተጠጥቶ፣ ጨዋታው ሁሉ ስለ ፖርፖይዙ ሆነ። ከሁሉ ያሳዘናቸው አሟሟቱ ነው። ፖርፖይዝን በባልቲክ ከሚገድሉት ነገሮች ዋናው የዓሣ መረብ ነው፤ ቀጭን የናይለን መረብ ማሚቶው ደካማ በመሆኑ እንስሳው አያስተውለውም፣ ይጠላለፍበታል፣ ለመተንፈስ መውጣት ሳይችል ይሰጥማል። የራሳቸው መረብ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ ተነሥተው ነክተውት "እንግዲህ ይህን አያየውም በይኛ" አሉ። መረብ ላይ የሚታሰር፣ ድምፅ እያሰማ እንስሳውን የሚያስጠነቅቅ ትንሽ መሣሪያ መኖሩን ስነግራቸው ፊታቸው በራ። "አብሽሪ፣ እንግዲያውስ መላ አለው" አሉኝ።

መላውን ለመትከል ግን እንስሳው የት እንዳለ ማወቅ ይቀድማል። ከሳምባህ ጥናት በፊት ከጎትላንድ ደሴት በስተደቡብ ያሉት ሚድሾ የተባሉ ጥልቀት የሌላቸው የባሕር ከፍታዎች የባልቲክ ፖርፖይዝ ዋና የመራቢያ ስፍራ መሆናቸው አይታወቅም ነበር። መሣሪያዎቹ በአውሮፓ የበጋ ወራት እዚያ ሲሰሙት ታወቀ፤ ስዊድንም በ2016 እ.ኤ.አ. አካባቢውን ከለለችው። በዓይን ብቻ የሚፈልግ ሰው እዚያ ባልደረሰ ነበር።

ኅዳር 12፣ አርዲቦ

ጠዋት በእግርና በባጃጅ ወደ አርዲቦ ሄድኩ። ከሐይቅ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ያማረ ውኃ ነው። ሃይድሮፎኑን ለአንድ ሰዓት አጥልቄ አዳመጥኩ፤ ከነፍሳቱ በቀር የተለየ ነገር አልሰማሁም። ነገር ግን ዳር ላይ ተቀምጬ ያሰብኩትን ልጻፍ።

በ2006 እ.ኤ.አ. መጨረሻ፣ በቻይናው ያንግትዜ ወንዝ ላይ ሁለት መርከቦች ለስድስት ሳምንት በዓይንም በሃይድሮፎንም ባይጂ የተባለውን የወንዝ ዶልፊን ፈለጉ። አንድም አላገኙም፤ በቀጣዩ ዓመትም ሳይጠፋ አልቀረም ብለው አሳተሙ። በዚያው ወንዝ የሚኖረው ክንፍ አልባ ፖርፖይዝ ግን ተሰምቷል፤ በ2022 እ.ኤ.አ. ቆጠራ 1,249 ሆኖ ተገምቷል፤ ከአምስት ዓመት በፊት 1,012 ነበር። በጃፓን የሴቶ ውስጠ ባሕር ደግሞ የዚሁ እንስሳ ዘመድ ይኖራል፤ እንስሳው የሚሰበሰብበትን አንድ የባሕር ክፍል መንግሥት በ1930 እ.ኤ.አ. የተፈጥሮ ቅርስ ብሎ አውጆት ነበር። ከ1976 እስከ 1978 እና ከ1999 እስከ 2000 እ.ኤ.አ. የተደረጉት የመርከብ ቆጠራዎች ሲነጻጸሩ ግን ቁጥሩ በብርቱ መቀነሱ ታየ። አንዱን እንስሳ "የለም" ያሰኘ፣ ሌላውን "አለ" ያሰኘ ያው ማድመጥ ነው። "የለም" የሚለው ቃል የሚከብደኝ ለዚህ ነው፤ ቃሉን የሚሰጠው መሣሪያ በሐሰት "አለ" የሚል ከሆነ፣ እንደ ባይጂ ያለው ሲሄድ ማንም ሳያውቅ ይሄዳል።

ስመለስ ወንዙን ተከትዬ ወረድኩ። ወደ ሐይቁ ሲገባ ደቃቅ አሸዋ እየገፋ መሆኑን አየሁ፤ ሁለተኛው መሣሪያዬ የተቀመጠው ከዚያ አጠገብ ነው። ቀዛፊው እየጠበቁኝ ነበር። አወጣነው፤ በመረጃው ውስጥም ከነፋሱ ሰዓት ጋር የማይሄዱ፣ ቀንና ሌሊት የተበተኑ ምልክቶች ነበሩ። በእፍኝ አሸዋ ዘግኜ በባልዲው ውስጥ ቱቦው አጠገብ በመዳፌ ፈተግሁት። የአሸዋ ቅንጣቶች ሲፋጩ ከ100 ኪሎ ኸርዝ የሚያልፍ ድምፅ እንደሚያወጡ፣ ፈጣን ሞገድ ባለበት ባሕርም ይህ መሣሪያዎችን እንደሚያስቸግር ይታወቃል፤ በእጄ ሳደርገው ግን የመጀመሪያዬ ነው። መለያው ፕሮግራም አብዛኛውን በትክክል "ጫጫታ" ብሎ ጣለው፤ ጥቂቱን ግን ፖርፖይዝ አለው። ያን ጥቂት መስመር አስቀምጬዋለሁ። ፕሮግራሙ እንደገና ሲሠለጥን ሐሰት መሆኑ በርግጥ የታወቀ ምሳሌ ያስፈልገዋል፤ ከሐይቅ የወሰድኩት ዋናው ዕቃ ይህ ነው።

ኅዳር 13፣ ሐይቅና ደሴ

ውኃው ገና ነፋስ ሳያገኘው የመጨረሻውን መሣሪያ አወጣን። ቀለበቱ ከወለቀ ወዲህ ያሉትን ሰዓታት በሙሉ፣ ሁለቱንም ከቀትር በኋላ ጨምሮ፣ አንድ በአንድ አየሁ። ነፋሱ ነበር፤ ቀዛፊው ሁለቱንም ቀን መነሣቱን አይተዋል። ምልክት ግን የለም። በየሰዓቱ ትይዩ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ ተጽፏል። ቀዛፊው ትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብለው ተመለከቱና "ይህ ባዶው ነው ደስ ያሰኘሽ?" አሉኝ። አዎን አልኳቸው። የመጀመሪያው ቀን ዜሮ ቢሆን ኖሮ አላምነውም ነበር፤ ማሰራጫውን እንደሚሰማ፣ ቀለበቱ እንዳሳተው፣ ቀለበቱ ሲወጣ እንደተስተካከለ ካየሁ በኋላ የመጣ ዜሮ ስለሆነ አምነዋለሁ።

የሌሊቱን የነፍሳት ድምፅ ወደ ስልካቸው ገልብጬላቸው ተሰነባበትን። ለልጅ ልጆቻቸው እንደሚያሰሟቸው ነገሩኝ።

ማታ ደሴ ገብቼ ለሥራ ባልደረቦቼ ደብዳቤ ጻፍኩ። በክረምቱ ጣቢያዎች ላይ ያን ዓይነት የብረት ቀለበት የተጠቀምንባቸው መልሕቆች የትኞቹ እንደሆኑ እንዲለዩልኝ፣ የነፋስ መዝገብም ከምልክቶቹ ሰዓት ጋር እንዲያመሳክሩ፣ በዚያ የማይጸና ምልክት ካለም ከቆጠራው እንዲያወጡት ጠየቅሁ። ካለፈው ዓመት ቁጥራችን የተወሰነው ሊቀንስ ይችላል። ቀለበቱን ከደብዳቤው ጋር ፎቶ አንሥቼ ላክሁት፤ ራሱን ደግሞ ከአሸዋው ጋር በአንድ ፌስታል ቋጥሬ ሻንጣዬ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።